መንጋጋ ቆልፍ፦ የአንድ ሕመም ስም፣ ምንጩና ትምህርቱ

በዚህ እትም የጥናት ዐምዳችን የምንመለከተው በአፋችን የኖረ፣ ነገር ግን ቆም ብለን እምብዛም ያልመረመርነውን አንድ ቃል ነው። ቃሉ «መንጋጋ ቆልፍ» ነው። የሕክምና ባለሙያዎች በውጭው ስሙ «ቴታነስ» ይሉታል። ሁለቱም ስሞች የሚያመለክቱት ጡንቻ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ የሚጨማደድበትንና አልፈታ የሚልበትን ከባድ ሕመም ነው።

በልማት ኮሚሽን መጽሔት ላይ ስለ ቃል መጻፍ ምን ይጠቅማል የሚል አንባቢ ሊኖር ይችላል። ምክንያታችን ይህ ነው፦ ሰው ሕመሙን የሚያስታምመው በሰጠው ስም መሠረት ነው። ስሙ ወደ ጥርስ ነቃይ ከመራው ወደ ጥርስ ነቃይ ይሄዳል፤ ስሙ ወደ ዓይነ ጥላ ከመራው በዚያው መንገድ ይጓዛል፤ ስሙ ወደ ቁስሉ ከመራው ደግሞ በጊዜ ወደ ጤና ጣቢያ ይደርሳል። ስለዚህ የአንድን ሕመም ስም በትክክል ማስተማር ክትባት ከማዳረስ ጋር አብሮ የሚሄድ ሥራ ነው።

ሕመምን የምንጠራባቸው ግሦች

አማርኛ የሕመም ስሞችን ብዙውን ጊዜ የሚያወጣው ከግሥ ነው። ሆድን «ቆረጠ» ከሚለው «ቁርጠት»፣ ጎንን «ወጋ» ከሚለው «ውጋት»፣ ራስን «ፈለጠ» ከሚለው «ፍልጠት»፣ አጥንትን «ቆረጠመ» ከሚለው «ቁርጥማት» ተገኝተዋል። ሁሉም በስለት ወይም በጥርስ የሚፈጸሙ ድርጊቶች ናቸው። አባቶቻችንና እናቶቻችን የውስጥ አካልን ከፍተው ባላዩበት ዘመን ሕመሙን የሰየሙት ሥጋቸው እንደ ተሰማው አድርገው ነው።

ከእነዚህ መካከል ለጉዳያችን በጣም የሚቀርበው «ቁርጠት» ነው። ሆዳችንን ሲቆርጠን አንዳች ስለት በውስጣችን አላለፈም፤ የአንጀት ጡንቻ ሳናዝዘው ተጨማድዶ ነው። በሌሊት ባታችንን ይዞ ከእንቅልፍ የሚያስነሣን፣ በስቅለት ዕለት ከብዙ ስግደት በኋላ እግራችንን አላንቀሳቅስ የሚለን፣ ሯጩንና የኳስ ተጫዋቹን ሜዳ ላይ የሚጥለውም ከዚሁ ወገን ነው። በዚህ ጊዜ «ጅማቴ ተሳበ» ወይም «ባቴን ያዘኝ» እንላለን። ድካም፣ የውኃ እጥረት፣ ወይም በአንድ አኳኋን ብዙ መቆየት የሚያመጣው ነውና እግርን በቀስታ ሲዘረጉት፣ ውኃ ሲጠጡና ሲያርፉ ይለቃል።

አሁን ከሰዋስው አንጻር አንድ ነገር እንይ። «ሆዴን ቆረጠኝ» ስንል ቆራጩ ማን ነው? «ራሴን ፈለጠኝ» ስንልስ ፈላጩ ማን ነው? ግሡ በውስጡ «እርሱ» የሚል ባለቤት አለው፤ ነገር ግን ያ «እርሱ» በስም አይጠራም። ሰዋስዋችን የተጎዳውን አካል በግልጽ ሲያሳየን አድራጊውን ግን ይሰውረዋል። ሰውም ባዶ የቀረውን ቦታ በሚያውቀው ነገር ይሞላዋል። አንዱ ብርድ ነው ይላል፤ ሌላው ምግብ ነው ይላል፤ ሌላው ምች፣ ቡዳ ወይም ዛር ነው ይላል። ለቀላል ቁርጠት ይህ ብዙ ጉዳት የለውም፤ ሕመሙ በራሱ ያልፋልና። በራሱ ለማያልፈው ሕመም ግን የባለቤቱ ስም አለመታወቅ ሕይወት ያስከፍላል።

መንጋጋና ቁልፍ

«መንጋጋ ቆልፍ» ከሁለት ቃላት የተጣመረ ስም ነው። «መንጋጋ» የምናላምጥበት የአገጭ አጥንትና በእርሱ ላይ የተተከሉት የኋላ ጥርሶች ስም ነው። መጽሐፍ ቅዱስን የሚያነብ ሁሉ ቃሉን ከሶምሶን ታሪክ ያውቀዋል፤ ሶምሶን ፍልስጥኤማውያንን የመታው በአህያ መንጋጋ ነበርና (መሳ. 15)። ሁለተኛው ቃል «ቆለፈ» ከሚለው ግሥ የመጣ ነው። ከዚሁ ግሥ «ቁልፍ» ይወጣል፤ በአማርኛ የበሩ መክፈቻም፣ የሸሚዙ ማያያዣም «ቁልፍ» ይባላል። እንግዲህ «መንጋጋ ቆልፍ» ማለት መንጋጋን እንደ በር የሚዘጋ ሕመም ማለት ነው።

ስሙን ያወጣው ሰው በትክክል ያየ ሰው ነበር። በአዋቂዎች ላይ ሕመሙ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በመንጋጋ ነው። በሽተኛው አፉን እንደ ልብ መክፈት ይቸግረዋል። ቀጥሎ የፊቱ ጡንቻዎች ይሳባሉና የማይስቅ ሰው የሚስቅ ይመስላል። ከዚያ አንገቱ ይደርቃል፤ መዋጥ ያቅተዋል፤ ሆዱ እንደ ሳንቃ ይጠነክራል። ሕመሙ ሲበረታ ጀርባው እንደ ተደገነ ቀስት ይታጠፋል። የበር መንኳኳት፣ ድንገተኛ ብርሃን፣ የአስታማሚ እጅ መንካት ሁሉ አዲስ መጨማደድ ሊያስነሣ ይችላል። ከሁሉም የሚያሳዝነው በሽተኛው ይህን ሁሉ የሚቀበለው አእምሮው ሳይለየው መሆኑ ነው። የመተንፈሻ ጡንቻዎች ከተያዙም ለሞት ያደርሳል።

ነገር ግን ስሙ የሚነግረን ሕመሙ መጀመሪያ የታየበትን ስፍራ ብቻ ነው። ከየት እንደ ገባና ማን እንደ ቆለፈ አይነግረንም። መንጋጋው የተያዘበት ሰው ጥርሱ የታመመ ሊመስለው ይችላል። እግሩን ምስማር የወጋው ከሳምንት በፊት ቢሆንና ቁስሉም ከላይ የደረቀ ቢመስል፣ ምስማሩንና መንጋጋውን የሚያገናኝ ነገር በስሙ ውስጥ አያገኝም። ከመቁሰል ጀምሮ ሕመሙ እስኪታይ ባብዛኛው ከ3 እስከ 21 ቀን ያልፋል። በዚህ መካከል የተወጋው ሰው ምስማሩን ረስቶት ይሆናል።

የሌሎች ሕዝቦች ስያሜ

የምናገለግለው በአራዳና በፒያሳ አካባቢ ስለሆነ ስሞች ከሩቅ መጥተው እንዴት እንደሚቀመጡ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ አንሄድም። በመናገሻ ገነተ ጽጌ ቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል አጠገብ የነበረው ታላቁ የአራዳ ገበያ በጣልያን ወረራ ዘመን ወደ ምዕራብ፣ ወደ ዛሬው መርካቶ ተዛወረ። አካባቢውን ወራሪዎቹ «ፒያሳ» አሉት፤ በቋንቋቸው አደባባይ ማለት ነው። እነርሱ በ1933 ዓ.ም. ተሸንፈው ሲወጡ ቃሉ ግን ቀረ። ቃሉ ራሱ ወደ ጣልያንኛ የገባው በላቲን በኩል «ሰፊ» ከሚል የግሪክ ቃል ነው። ዛሬ በታክሲ «ፒያሳ! ፒያሳ!» ብሎ የሚጣራው ወጣት የግሪክ ቃል እየተናገረ መሆኑን አያስብም፤ ማሰብም አያስፈልገውም፤ መንገዱን ካወቀ ይበቃዋል።

«ቴታነስ» የሚለውም እንዲሁ ከግሪክ ተነሥቶ በላቲን በኩል የመጣ ነው። በግሪክ «ቴታኖስ» ይባላል፤ ምንጩም «መወጠር» የሚል ግሥ ነው። የጥንቱ ሐኪም ሂጶክራጥስና ደቀ መዛሙርቱ ሕመሙን ያውቁት ነበር። ባለሙያዎች ማንኛውንም ያለ ፈቃድ የሚመጣ የጡንቻ መጨማደድ የሚጠሩበት «ስፓዝም» የሚለው ቃልም ግሪክ ነው፤ «መሳብ» ከሚል ግሥ ወጥቷል። የእኛ «ጅማቴ ተሳበ» ከዚህ ጋር አንድ ዐይነት አስተያየት መሆኑን ልብ ይሏል። የእንግሊዝ ሕዝብም እንደ እኛ «የመንጋጋ መቆለፍ» የሚል የተለመደ ስም አለው።

ከሁሉ የሚለዩት ጀርመኖችና የሩቅ ምሥራቅ ሕዝቦች ናቸው። ጀርመኖች «ቩንድሽታርክራምፕፍ» ይሉታል፤ ሦስት ቃላት ተገጣጥመው የሠሩት ስም ሲሆን «የቁስል፣ የድርቀት፣ የቁርጠት ሕመም» እንደ ማለት ነው። ቻይናውያንና ጃፓናውያን ደግሞ በሦስት ምልክቶች የሚጽፉት ስም አላቸው፤ ትርጓሜውም «በተከፈተ ቁስል የሚገባ ነፋስ» የሚል ነው። ነፋስ ያሉት ተሳስተው ነው፤ በቁስል ይገባል ያሉት ግን እውነት ነው። በእነዚህ ስሞች ውስጥ ቁስሉ አለ። በእኛ ስም ውስጥ የለም። አሮጌውን ስማችንን እንጣለው አንልም፤ ምልክቱን በደንብ ያስተምራልና። ነገር ግን ስሙን በምናነሣበት ጊዜ ሁሉ የጎደለውን ቃል፣ ቁስልን፣ አብረን ልናነሣ ይገባናል።

ቆላፊው ማን ነው?

በአራዳ ካሉት አጥቢያዎች በአንዱ ስለ እናቶችና ሕፃናት ጤና ስናስተምር አንዲት አረጋዊት እናት እጃቸውን አነሡና ተናገሩ። «ልጆቼ፣ ይህን የፈረንጅ ስሙን እኔ አላውቀውም። በገጠር ሳለሁ የወለድሁት ልጅ ደኅና አድርጎ ጠባ። በአምስተኛው ቀን አፉ ተያዘ። ጡቴን እየፈለገ አልይዝ አለ። በስምንተኛው ቀን ዐረፈ፤ ስም እንኳ ሳይወጣለት። አንዱ ዓይነ ጥላ ነው አለኝ፤ አንዱ የኀጢአትሽ ነው አለኝ። እስከ ዛሬ ማን ቆለፈው እያልሁ እጠይቃለሁ» አሉ።

የእኚህ እናት ጥያቄ ከላይ በሰዋስው ካነሣነው ጥያቄ ጋር አንድ ነው፤ ልዩነቱ እርሳቸው በልጃቸው መጠየቃቸው ነው። መልሱም አለ።

እ.ኤ.አ. በ1884 ካርሌና ራቶኔ የተባሉ ሁለት የጣልያን ተመራማሪዎች በቱሪን ከተማ ከአንድ በሽተኛ ቁስል የወሰዱትን ፈሳሽ ለጥንቸሎች ሰጥተው ሕመሙ መተላለፉን አሳዩ። በዚያው ዓመት አርቱር ኒኮላየር የተባለ ጀርመናዊ ሕመሙ ከአፈር እንደሚመጣ አረጋገጠ። እ.ኤ.አ. በ1889 ጃፓናዊው ኪታሳቶ ሺባሳቡሮ በበርሊን ተሕዋሲውን ለብቻው ለይቶ አሳደገው፤ በተከታዩም ዓመት ከኤሚል ፎን ቤሪንግ ጋር ሆኖ መርዙን የሚያመክነውን ፀረ መርዝ ገለጠ። ስመ ጥሩው ክትባት ከዚያ በኋላ በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. ተዘጋጀ።

ተሕዋሲው ክሎስትሪዲየም ቴታኒ ይባላል። በአፈር፣ በአቧራና በእንስሳት ፋንድያ ውስጥ በጠንካራ ቅርፊት ተሸፍኖ እንደ ዘር ለዓመታት ይቆያል። አየር በሚያገኝበት ስፍራ አይራባም። ነገር ግን ጥልቅ በሆነ፣ በቆሸሸ ወይም በሞተ ሥጋ በተሸፈነ ቁስል ውስጥ አየር ሲያጣ ይነቃል፤ መርዝም ያመነጫል። መርዙ በነርቭ በኩል ወደ ሕብለ ሰረሰር ይወጣል።

በዚያ የሚያደርገውን ለመረዳት የጡንቻን አሠራር እናስተውል። ክንዳችንን ስናጥፍ የፊተኛው ጡንቻ ሲጨማደድ የኋለኛው ይለቃል። ሰውነታችን የሚሠራው «ያዝ» በሚለው ትእዛዝ ብቻ አይደለም፤ «ልቀቅ» የሚለው ትእዛዝም ያስፈልገዋል። መርዙ የሚያጠፋው «ልቀቅ» የሚለውን መልእክት ነው። ስለዚህ ጡንቻዎቹ ሁሉ «ያዝ» የሚለውን ብቻ እየሰሙ በአንድነት ይወጠራሉ። ከእነርሱ መካከል ብርቱው የመንጋጋ ጡንቻ ቀድሞ ይታያል፤ በጀርባም ያሉት ከፊተኞቹ ስለሚበረቱ ሰውነት ወደ ኋላ ይደገናል። መቆለፉ የመጣው መክፈቻው በመጥፋቱ ነው።

እንግዲህ ለእኚያ እናት የሰጠነው መልስ ይህ ነበር፦ ልጅዎን የቆለፈው ዓይነ ጥላ አይደለም፤ የእርስዎም ኀጢአት አይደለም። በአፈር የሚኖር ተሕዋሲ በእትብቱ በኩል ገብቶ ነው። ያን ጊዜ በዚያ መንደር ክትባትም አልነበረም፤ ያስተማረዎትም ሰው አልነበረም። ዕውቀት ዛሬ ለሚወለደው ግዴታ ያመጣል እንጂ ለዚያን ጊዜው ክስ አይሆንም።

እርሳቸውም ለብዙ ጊዜ ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ «የአሁኖቹ ልጆች ግን ያውቃሉ?» ብለው ጠየቁን። ቀጥሎ ያለው ክፍል ለዚህ ጥያቄ የተጻፈ ነው።

በሩ የት ነው?

የመጀመሪያው በር እትብት ነው። በአገራችን «እትብቴ የተቀበረበት» የምንለው የትውልድ ስፍራችንን ነው። እትብት ወደ አፈር መሄዱ የቆየ ልማድ ነው፤ አፈር ግን ወደ እትብት መምጣት የለበትም። ባልተቀቀለ ምላጭ ወይም በማጭድ ሲቆረጥ፣ ባልተቀቀለ ክር ሲታሰር፣ ቅቤ ወይም እበት ሲቀባ አፈሩ ወደ እትብቱ ይመጣል። በዚህ መንገድ የተያዘ ሕፃን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት እንደ ማንኛውም ሕፃን ይጠባል፤ ከ3ኛው እስከ 28ኛው ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ግን መጥባት ያቅተዋል፤ ሰውነቱም ይደርቃል። ጠብቶ የነበረ ሕፃን መጥባት ካቆመ ያ ሰዓት የመማከሪያ ሳይሆን ወደ ሆስፒታል የመሮጫ ሰዓት ነው።

ሁለተኛው በር በሕፃናት ላይ በልማድ የሚፈጸም መቁረጥ ነው። እንጥል ማስቆረጥና ግግ ማስወጣት ጉዳት እንጂ ጥቅም የላቸውም፤ ሊቀሩ ይገባል። በስምንተኛው ቀን የሚፈጸመው የወንድ ልጅ ግዝረት ደግሞ በንጹሕ መሣሪያ፣ በሠለጠነ ባለሙያ እጅ መሆን አለበት።

ሦስተኛው በር የሠራተኛው እግርና እጅ ነው። የአራዳ ምድር ከጥንት ጀምሮ ፈረስ፣ በቅሎና አህያ ሲመላለስበት የኖረ የገበያ ምድር ነው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በፒያሳና በአካባቢዋ ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈርሰው አዲስ ግንባታ ተካሂዷል። በፍርስራሽ መካከል የሚሠራ ሰው ምስማር፣ ቆርቆሮና ሽቦ ያገኘዋል። ብዙዎች የሚፈሩት ዝገቱን ነው። ዝገት ግን በራሱ ሕመሙን አያመጣም፤ የሚያመጣው በምስማሩ ላይ ያለው አፈርና የወጋበት ጥልቀት ነው። በአዲስ ምስማርም፣ በእሾህም፣ በእንጨት ስንጥርም ሊመጣ ይችላል። በቁስል ላይ የቡና ዱቄት ወይም ጭቃ መድፋት ደግሞ ቁስሉን አየር ያሳጣዋል፤ ለተሕዋሲውም የሚመቸው ይህ ነው።

በዚህ ላይ አንድ የሚዘነጋ ነገር አለ። ለእናቶች የሚሰጠው ክትባት እናትንና ሕፃንን ይጠብቃል፤ በልጅነቱ ያልተከተበውን ወንድ ግን አይጠብቅም። ከገጠር መጥቶ በቀን ሥራ የሚተዳደር ጎልማሳ አንድም ጊዜ ያልተከተበ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የተወጋ ሰው ቁስሉን በብዙ ንጹሕ ውኃና በሳሙና አጥቦ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ ክትባት ወይም ፀረ መርዝ እንደሚያስፈልገው ባለሙያው ይወስናል። መንጋጋው እስኪያዝ መጠበቅ የለበትም። መርዙ ነርቭን አንዴ ከያዘ በኋላ ፀረ መርዙ ሊያስለቅቀው አይችልም፤ ገና ያልያዘውን ብቻ ያመክናል። ከሕመሙ የተነሣ ሰውም ዳግመኛ ሊያዝ ስለሚችል መከተብ አለበት።

የቤተ ክርስቲያን ድርሻ

በአገራችን የክትባት መርሐ ግብር የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ኢትዮጵያ የእናቶችንና የጨቅላ ሕፃናትን መንጋጋ ቆልፍ ማስወገዷ ተረጋግጧል። ይህ ግን ጠፍቷል ማለት አይደለም። መለኪያው በእያንዳንዱ ወረዳ በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት ከ1 ያነሰ እንዲያዝ ነው። ፈንጣጣ ከሰው ወደ ሰው ይተላለፍ ስለነበር ሰው ሁሉ ሲከላከለው ከምድር ጠፋ። መንጋጋ ቆልፍ ግን ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ የሚኖረው በአፈር ነው። ስለዚህ ጎረቤት በመከተቡ ያልተከተበው አይጠበቅም፤ እያንዳንዱ ትውልድም እንደ ገና መከተብ አለበት።

ለእናቶች የሚሰጠው ክትባት በጠቅላላው አምስት ጊዜ ነው። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ቢያንስ ከ4 ሳምንት በኋላ፣ ሦስተኛው ከሁለተኛው ቢያንስ ከ6 ወር በኋላ፣ አራተኛውና አምስተኛው ደግሞ እያንዳንዳቸው ቢያንስ የአንድ ዓመት ልዩነት ጠብቀው ይሰጣሉ። እናት በእርግዝናዋ ስትከተብ በደሟ የተፈጠረው መከላከያ ወደ ማሕፀኗ ፍሬ ያልፋል፤ ሕፃኑም ተጠብቆ ይወለዳል። ሕፃኑ ራሱ ደግሞ በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት አምስት በሽታዎችን የሚከላከለውን ጥምር ክትባት ይወስዳል።

እዚህ ላይ ካህናት አባቶቻችን ብቻ ሊያደርጉት የሚችሉት አንድ ነገር አለ። በሥርዓታችን ወንድ ልጅ በ40 ቀን፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ትጠመቃለች። ወንዱ በተጠመቀ በሁለተኛው ቀን 6 ሳምንት ይሞላዋል፤ ስለዚህ በክርስትናው ዕለት ካህኑ «ከነገ ወዲያ ክትባቱ ነው» ብሎ ሊያሳስብ ይችላል። ሴቷ በ80 ቀኗ ስትመጣ የ6ኛውንና የ10ኛውን ሳምንት ክትባት ወስዳ መሆን አለበት፤ ካልወሰደች ካህኑ ወዲያው እንድትወስድ ሊመክር ይችላል፤ የ14ኛውም ሳምንት ሊደርስ 18 ቀን ብቻ ቀርቶታል። ይህን ለመናገር በጀትም አዲስ መዋቅርም አያስፈልግም። ልጁን ለማስጠመቅ የሚመጣ ወላጅ ሁሉ በካህኑ ፊት ይቆማልና።

የንስሐ አባትም እንዲሁ ወደ ቤት ይገባል፤ ነፍሰ ጡሯን ያውቃታል፤ የሚያማክረውም ቤተሰብ ይሰማዋል። ሕፃን መጥባት ባቆመ ጊዜ አስቀድሞ የሚጠራው እርሱ ሊሆን ይችላል። በዚያች ሰዓት የሚናገረው አንድ ቃል ሕይወት ነው። ጸሎትና ጸበል ሐኪምን አይከለክሉም። መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፉ ሐኪምን እንድናከብር፣ መድኃኒትም ከምድር የተፈጠረ የእግዚአብሔር ስጦታ እንደሆነ ያስተምረናል። ደጉ ሳምራዊም የቆሰለውን አልፎት አልሄደም፤ በቁስሉ ላይ ዘይትና ወይን አፍስሶ አሰረለት እንጂ (ሉቃ. 10፥34)። ወንጌሉን የጻፈልን ቅዱስ ሉቃስ ራሱ ሐኪም ነበር።

እርሱው ቅዱስ ሉቃስ 18 ዓመት ጎብጣ ቀና ማለት ያልቻለችውን ሴት ታሪክ ጽፎልናል (ሉቃ. 13፥10-17)። ጌታችን በሰንበት ፈወሳት። የምኵራቡ አለቃ በተቆጣ ጊዜ ጌታ የመለሰለት መልስ ስለ መፍታት ነበር፦ በሰንበት ከብታችሁን ከግርግም ፈትታችሁ ውኃ ታጠጣላችሁ፤ የአብርሃም ልጅስ ከእስራትዋ ልትፈታ አይገባምን የሚል ሐሳብ ያለው ነው። ያች ሴት የታመመችው የዛሬውን ሕመም ነው አንልም። ነገር ግን ለታሰረ አካል የቤተ ክርስቲያን መልስ ክስ ሳይሆን መፍታት እንደሆነ ከዚህ እንማራለን። ሴቲቱን ስለ ኀጢአትሽ ነው ያላት ጌታ አይደለም።

ስለዚህ ለሰንበት ትምህርት ቤት መምህራን፣ ለእናቶች ማኅበራትና ለሰበካ ጉባኤ የጤና ተጠሪዎች የምናቀርበው ጥሪ ቀላል ነው። «መንጋጋ ቆልፍ» የሚለውን ስም ባነሣችሁ ጊዜ ሁለት ጥያቄዎችን አስከትሉ፦ ማን ቆለፈ? በየት ገባ? የመጀመሪያው መልስ በአፈር ያለ ተሕዋሲ ነው፤ የሁለተኛው መልስ ቁስልና እትብት ነው። ቀጥሎም በአጥቢያችሁ አቅራቢያ ያለው ጤና ጣቢያ ክትባት የሚሰጥባቸውን ቀናት ጠይቃችሁ በዐውደ ምሕረት አስነግሩ። የአረጋዊቷ እናት ጥያቄ «ልጆቹ ያውቃሉ?» የሚል ነበር፤ ያውቁ ዘንድ የማሳወቁ ተራ የእኛ ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።